ስለ ሰንጠረዥ ጨዋታና ስለ ኤሌክትሪክ ገበታ

ሰንጠረዥ የሚለውን ቃል የማያውቅ የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ ዛሬ የለም። የገቢና የወጪ ሒሳብ የሚሰፍርበት፥ የተማሪ ውጤት የሚመዘገብበት፥ በመስመር የተከፋፈለ ወረቀት ሰንጠረዥ ይባላል። ነገር ግን ይኸው ቃል የጨዋታ ስም እንደ ነበረ፥ ያውም ነገሥታትና መኳንንት ከሥራቸው ሲያርፉ አእምሮአቸውን የሚያነቁበት የክቡር ጨዋታ ስም እንደ ነበረ የሚያስታውስ ሰው ጥቂት ነው። ጨዋታው ከእጃችን ወጣ፤ ስሙ ግን በወረቀት ላይ ቀረ። ልጆቻችንም የዚያኑ ጨዋታ ወንድም ቼዝ በሚል ስም ከውጭ እንደ መጣ አዲስ ነገር አድርገው ይማሩታል።

ይህን አሳብ ዛሬ እንድናነሣ ያደረገን በዓለም ላይ የተስፋፋው የኤሌክትሪክ የሰንጠረዥ ገበታ ነው። ይህ መሣሪያ ተጋጣሚ ላጣ ሰው ተጋጣሚ፥ አስተማሪ ላጣም ሰው አራሚ ለመሆን የሚችል ነው። እንግዲህ በመተማ፥ በገንዳ ውኃና በቋራ፥ በጠቅላላውም በሱዳን ጠረፍ ባለው በምዕራብ ጎንደር ቆላ ለሚኖሩት ወጣቶች ይህ መሣሪያ ይጠቅማልን? የሚጠቅምስ ከሆነ በምን ዓይነት መንገድ? ብለን ልንጠይቅ ይገባናል። የእኛ አስተያየት ባጭሩ ይህ ነው። መሣሪያው አስቀድመን ካሰብን በኋላ የሚያርመን የሆነ እንደ ሆነ ይጠቅመናል፤ በእኛ ፈንታ የሚያስብልን የሆነ እንደ ሆነ ግን ይጎዳናል።

ስለ አዲሱ ከመናገራችን በፊት ስለ ጥንቱ ጥቂት ማለት ተገቢ ነው። ዐፄ ልብነ ድንግል በ16ኛው መቶ ዓመት ከአንድ የቬኒስ ሠዓሊ ጋራ ሰንጠረዥ ይጫወቱ እንደ ነበረ ተጽፏል። በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ወደ ትግራይ የመጣው እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት ራስ ወልደ ሥላሴ በዚህ ጨዋታ ይደሰቱ እንደ ነበረ በመጽሐፉ ተርኳል። ከእርሱም በኋላ በጎንደር አገር ብዙ ዘመን የኖረው የእንግሊዝ ቆንስል ዋልተር ፕላውደን ስለ ጨዋታው ሥርዐት ጽፏል። ሪቻርድ ፓንክረስትም ይህን ሁሉ ሰብስበው በ1971 እ.ኤ.አ. ስለ ኢትዮጵያ ሰንጠረዥ ታሪክና ሕግ ሰፊ ጽሑፍ አሳትመዋል። ጨዋታው ከነበረበት ክብር ወርዶ ከሕዝቡ መካከል እየጠፋ የሄደው በ1928 ዓ.ም. ጠላት አገራችንን ከወረረበት ጊዜ ወዲህ ነው።

የአባቶቻችን ገበታ እንደ ዛሬው ጥቁርና ነጭ የተቀባ አልነበረም። ቀይ ጨርቅ ተዘርግቶ በጥቁር ወይም በሰማያዊ መስመር 64 ቤት ይከፈል ነበር። ጠጠሮቹም ንጉሥ፥ ፈርዝ፥ ፊል፥ ፈረስ፥ ደርና መደቅ ይባሉ ነበር። ጨዋታውም ሲጀመር ወረራ የሚባል ጊዜ አለ። በዚህ ጊዜ ሁለቱ ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ እያንዳንዳቸው ሠራዊታቸውን እንደ ወደዱ ያሰልፋሉ፤ አንዱ የሌላውን አሰላለፍ እያየ የራሱን ያስተካክላል፤ ተራ የሚያዘው የመጀመሪያው ጠጠር ከተበላ ወዲያ ነው። በዙሪያው የተቀመጡትም ተመልካቾች ዝም ብለው የሚያዩ አልነበሩም፤ ይህን አንሣ፥ ያንን ተው እያሉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ይመክሩ ነበር። የማሸነፍም ማዕርግ ነበረው። በብርቱዎቹ በደርና በፈረስ ንጉሡን መውጫ ማሳጣት ብዙ ምስጋና አያሰጥም ነበር፤ በደካሞቹ በፊል፥ በፈርዝ ወይም በመደቅ የረታ ግን ይመሰገን ነበር። ከዚህ የምንረዳው አባቶቻችን ማሸነፍን ብቻ ሳይሆን የአሸናፊነቱን መንገድ ጭምር ይመዝኑ እንደ ነበረ ነው።

አሁን ወደ መሣሪያው እንመለስ። ሰው ሰንጠረዥ የሚጫወት መሣሪያ ለማግኘት የተመኘው ከብዙ ዘመን ጀምሮ ነው። በ1770 እ.ኤ.አ. ፎን ኬምፕለን የተባለ ሰው በኦስትሪያ ቤተ መንግሥት የሚጫወት አሻንጉሊት አሳይቶ ዓለምን አስደነቀ፤ ነገር ግን ከሣጥኑ ውስጥ ሰው ተሸሽጎ ነበርና ሥራው ማታለል ነበረ። እውነተኛውን መሣሪያ የሠራው እስፓኛዊው መሐንዲስ ቶሬስ ኬቬዶ ነው። የእርሱም መሣሪያ በ1912 እ.ኤ.አ. በንጉሥና በግንብ ብቻ ሆኖ ብቸኛውን የሰው ንጉሥ ያሸንፍ ነበር። በ1977 እ.ኤ.አ. ቼዝ ቻሌንጀር የሚባለው ገበታ በአሜሪካ ለማንኛውም ሰው ለገበያ ቀረበ። ከዚያም በ20 ዓመት ውስጥ፥ በግንቦት 1989 ዓ.ም.፥ ዲፕ ብሉ የተባለው ታላቅ ኮምፒዩተር የዓለምን ሻምፒዮን ጋሪ ካስፓሮቭን በስድስት ጨዋታ 3½ ለ 2½ ረታ። ዛሬ ደግሞ በኪስ የሚያዝ ስልክ እንኳ ከዓለም ሻምፒዮን ይልቅ ብርቱ ተጫዋች ሆኗል።

ገበታው የጠጠሮቹን አካሄድ የሚያውቅበት ብልኀት ልዩ ልዩ ነው። በአንዳንዱ ተጫዋቹ ጠጠሩን አንሥቶ ሲያስቀምጥ ቤቱን ጫን ይላል፤ ከቤቱም በታች ያለው ነገር ይህን ይሰማል። በሌላው ከየጠጠሩ ሥር ማግኔት፥ ከየቤቱም ሥር ማግኔቱ ሲቀርበው የሚዘጋ ትንሽ ማብሪያ አለ። ውድ በሆነው ደግሞ እያንዳንዱ ጠጠር የራሱን ምልክት ስለሚሰጥ ገበታው ፈረሱን ከግንቡ ለይቶ ያውቀዋል፤ በታላላቅ ውድድር ጨዋታውን ከአገር ወደ አገር የሚያስተላልፉት እንዲህ ያሉት ናቸው። ገበታው በበኩሉ መልሱን የሚነግረን በቤቶቹ ጠርዝ ትንንሽ መብራት እያበራ ነው። ከእነዚህም አንዳንዶቹ አሳባቸው በውስጣቸው ስለሆነ ባትሪ ድንጋይ ብቻ ይበቃቸዋል፤ ሌሎቹ ግን ከስልክ ወይም ከኮምፒዩተር ጋራ ካልተያያዙ አይጫወቱም። ይህን ልዩነት የመተማ አንባቢ ልብ ይለው ዘንድ እንለምናለን። የስልክ መረብ በማይደርስበት ወይም በሚቋረጥበት አገር የሚጠቅመው በራሱ የሚያስበው ገበታ ነውና።

የመተማን አየር የሚያውቅ ሰው የቀትሩን ሙቀት ያውቃል። ሰሊጡ በሚታረምበትና በሚታጨድበት ወራት ከደጋ የወረደው ሠራተኛ አገሩን ይመላዋል፤ ጉልበት ያለው ሁሉ በእርሻ ላይ ነው። አዝመራው ከገባ በኋላ ግን ብዙ ወጣት በጥላ ሥር ተቀምጦ ቀኑን ይገፋዋል። ጠረፍ ደግሞ ለሥራ ፈት አእምሮ ፈተናው ብዙ ነው፤ ያለ ሕግ የሚተላለፍ ሸቀጥ አለ፥ ወደ ባዕድ አገር ሰው የሚያሻግር ደላላ አለ፥ ገንዘብ የሚበላ ቁማርም አለ። ሰንጠረዥ ይህን ሁሉ ያጠፋል አንልም። ነገር ግን አንድ እርምጃ ከመራመድ በፊት ሌላው ምን ይመልስልኛል ብሎ የማሰብን ልማድ ያስተምራል። ደላላ ቃል ሲገባለት፥ ከዚያ በኋላስ ምን ይመጣል? ብሎ ለመጠየቅ የለመደ ወጣት ካልለመደው ይልቅ የተጠበቀ ነው ብለን እናምናለን።

በዚህ ጨዋታ ለማደግ ግን ከራስ ጥቂት የሚበልጥ ተጋጣሚ ያስፈልጋል። ሁልጊዜ የሚሸነፍልን ሰው አያስተምረንም፤ ሁልጊዜ የሚያደቀንም ተስፋ ያስቆርጠናል። በአዲስ አበባ የሚኖር ልጅ ተመጣጣኝ ተጋጣሚ ፈልጎ ለማግኘት ይችል ይሆናል፤ በኮኪት ወይም በቋራ ገጠር የሚኖር ልጅ ግን ጨዋታውን ከሚያውቁት ሁለት ሦስት ጓደኞቹ ከበለጠ ወዲያ የሚያሳድገው አያገኝም። የኤሌክትሪኩ ገበታ እውነተኛ ጥቅም በዚህ ነው። ኀይሉ በደረጃ ከፍና ዝቅ ስለሚል ለጀማሪውም ለበረታውም ይመጥናል፤ አይሰለችም፥ አይቈጣም፥ በሌሊትም ቢጠሩት አይተኛም።

ጉዳቱስ? ጉዳቱ ከጥቅሙ ጋራ ተጣብቆ የሚመጣ ነው። ገበታው የሚሻለውን እርምጃ ሳይለምኑት ሊያሳይ ይችላልና፥ ሰነፍ ተጫዋች ገና አሳቡን ሳይጀምር መብራቱን ይመለከታል። እንዲህ ያለው ሰው መቶ ጊዜ ቢጫወት የተጫወተው መሣሪያው እንጂ እርሱ አይደለም። በ2019 እ.ኤ.አ. በፈረንሳይ አገር በስትራስቡርግ ከተማ በውድድር ላይ የነበረ ታላቅ ማዕርግ ያለው ተጫዋች በመጸዳጃ ቤት ስልኩን ሲጠይቅ ተይዞ ማዕርጉን ተገፏል። ዕድሜውን ሙሉ የደከመበትን ክብር ያሳጣው አለማወቅ አልነበረም፤ ያለ ድካም መልስ የማግኘት ምኞት ነው።

በቅኔ ቤት ያለፈ ሰው የዚህን ነገር መድኀኒት ያውቀዋል። ተማሪው ከመምህሩ ፊት የሚቀርበው ባዶ እጁን አይደለም። አስቀድሞ ከዛፍ ሥር ወይም ከገደል አፋፍ ለብቻው ተቀምጦ ቅኔውን ይቈጥራል፤ ቃሉን ይጥላል፥ ያነሣል፥ ቤቱን ይመታል። ከዚያ በኋላ ወደ መምህሩ ሄዶ ይነግራል፤ መምህሩም ያርመዋል። መምህሩ አስቀድሞ ቅኔውን ሠርቶ ቢሰጠው ኖሮ ልጁ የሰው ቃል ተሸካሚ ይሆን ነበር እንጂ ባለቅኔ አይሆንም ነበር። የኤሌክትሪኩን ገበታም እንዲሁ ከቈጠራ በኋላ እንደሚነገረው መምህር ልናደርገው ይገባናል።

ይህ የእኛ የብቻ አሳብ አይደለም። በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. በ18 ዓመቱ የዓለም ሻምፒዮን የሆነው ሕንዳዊው ጉኬሽ፥ አሠልጣኙ በልጅነቱ ኮምፒዩተር ሳያስጠይቀው በራሱ አሳብ ብቻ አሳድጎት፥ ወደ መሣሪያው የተጠጋው ከፍ ካለ ደረጃ ከደረሰ በኋላ እንደ ሆነ ይታወቃል። በዓለም ላይ መሣሪያ ከበዛበት ዘመን የተነሣው ታናሹ ሻምፒዮን አስቀድሞ ያለ መሣሪያ ማሰብን ተምሯል ማለት ነው።

ስለዚህም በዚህ ገበታ ለመማር ለሚወድ ወጣት ይህን ሥርዐት እንመክራለን። መጀመሪያ ምክር የሚሰጠውን መብራት ያጥፋ፤ የገበታውንም ኀይል ከሦስት ጨዋታ አንዱን ሊያሸንፍ በሚችልበት ደረጃ ያድርገው። ሁለተኛ፥ እርምጃውን ሁሉ በደብተር ይጻፍ፤ የተነካውን ጠጠር ያንቀሳቅስ እንጂ ወደ ኋላ አይመልስ። ሦስተኛ፥ ጨዋታው ሲያልቅ መሣሪያውን ከመጠየቁ በፊት የተሳሳትኩት በዚህ በዚህ ቦታ ይመስለኛል ብሎ በራሱ ይመርምርና ምክንያቱን ይጻፍ። አራተኛ፥ ያን ጊዜ መሣሪያውን ይጠይቅ፤ የራሱን ጽሑፍ ከመልሱ ጋራ ያስተያይ። ትምህርቱ ያለው በሁለቱ ልዩነት ውስጥ ነውና ይህን አይዝለለው።

ጀማሪው ደግሞ በመጨረሻው እንዲጀምር እንመክራለን፤ ቶሬስ ኬቬዶ መሣሪያውን ያስተማረውን ያንኑ ትምህርት፥ በንጉሥና በግንብ ብቸኛውን ንጉሥ መርታትን ይማር። ጠጠር ሳይበላና ወታደር ሳይራመድ 50 እርምጃ ያለፈ እንደ ሆነ ጨዋታው እኩል ነው ለማለት ሕጉ ይፈቅዳል፤ ያለ ስሕተት ለሚጫወት ሰው ግን ከየትም ቦታ ቢነሣ 16 እርምጃ ይበቃዋል። ልጁ ዛሬ በ40፥ ነገ በ30፥ ከነገ ወዲያም በ20 ሲያደርሰው በዐይኑ የሚያየው እድገት ነው። ሰው ይህን ሃያ ጊዜ ተጫወትልኝ ቢሉት ይሰለቻል፤ ገበታው ግን አይሰለችም።

ይሁን እንጂ ገበታው የሰውን ቦታ እንዲወስድ አንፈልግም። በዩጋንዳ በካምፓላ ከተማ ካትዌ በሚባለው የድኾች ሰፈር ያደገችው ፊዮና ሙቴሲ በዓለም የታወቀችው መሣሪያ ኖሯት አይደለም። ሮበርት ካቴንዴ የሚባል አንድ ትጉህ አስተማሪ የሰፈሩን ልጆች ሰብስቦ በተራ ገበታ ስላስተማረ ነው። ስለዚህ የምናሳስበው እያንዳንዱ ልጅ የኤሌክትሪክ ገበታ ይኑረው ብለን አይደለም፤ ዋጋውም ከእንጨቱ ገበታ ብዙ እጥፍ ስለሆነ አይቻልም። ለአንድ ትምህርት ቤት አሥር የእንጨት ገበታና ከመካከላቸው አንድ የኤሌክትሪክ ገበታ ይበቃል። ልጆቹ እርስ በርሳቸው በእንጨቱ ይጫወቱ፤ በሳምንቱ የበለጠው ከመሣሪያው ጋራ ይግጠም፤ የቀሩትም በዙሪያው ቆመው እንደ አባቶቻቸው ልማድ ይምከሩት። ያን ጊዜ መሣሪያው ልጅን ከልጅ የሚለይ ሳይሆን ሁሉን የሚሰበስብ ይሆናል።

ለመተማ ደግሞ የተለየ ነገር አለ። ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በሱዳን ጦርነት በተነሣ ጊዜ ብዙ ሕዝብ ከገላባት ተሻግሮ በመተማ በኩል ወደ አገራችን ገብቷል። የኛ ልጅና የሱዳን ልጅ በቋንቋ ባይግባቡ እንኳ በገበታው ይግባባሉ። ፈርዝ ያልነው በጥንቱ ዓረብኛ ፊርዛን ነው፤ ፊል ያው ፊል ነው፥ ትርጓሜውም ዝሆን ነው፤ ፈረስ ፈረስ ነው፤ መደቅ ያልነውም በይደቅ ነው። ሰንጠረዥ የሚለውም ስም ራሱ ከሸጥረንጅ ጋራ አንድ ነው። ሁለቱ ሕዝቦች ጠረፍ ከመከለሉ ከብዙ ዘመን በፊት እነዚህን ቃላት ይካፈሉ ነበርና፥ በአንድ ገበታ ፊት የተቀመጡ ሁለት ልጆች እንግዶች አይደሉም።

ውኃና መድኀኒት፥ መንገድና ሰላም ለሚያሻው አገር ስለ ጨዋታ መናገር ምን ይጠቅማል? የሚለን ሰው አይጠፋም። ተቃውሞው ቀላል አይደለም። ገንዘቡ ከመድኀኒት ወይም ከውኃ የሚቀነስ ከሆነ ገበታው ይቅር፤ በዚህ አንከራከርም። ነገር ግን የአሥራ አንድ ገበታ ዋጋ አንድን ጉድጓድ አያስቈፍርም፤ ለአንድ ትምህርት ቤት ግን የብዙ ዓመት ትምህርት ይሆናል። በሰሊጥ የከበረው ነጋዴ፥ በውጭ አገርም የሚኖረው የዚያ አገር ተወላጅ ለትውልድ ቀዬው ስጦታ ሲያስብ ይህን ከዝርዝሩ አይርሳው። የሚሰጠውም ሰው አጠባበቁን አብሮ ያስተምር። ገበታው ከፀሐይና ከአቧራ ይራቅ፥ በጨርቅ ይሸፈን፥ በማይጠቀሙበት ወራትም ባትሪ ድንጋዩ ይውጣለት። የቆላ ሙቀት ለሰው ብቻ ሳይሆን ለመሣሪያም ጠላት ነውና።

መምህራንንም አንድ ነገር እንለምናለን። ልጆቹን ቼዝ ስታስተምሩ የአባቶቻቸውን ሰንጠረዥ አብራችሁ ንገሯቸው። ቀይ ጨርቅና ጥቂት መስመር በየትም ይገኛል። አሁን ያለው የኤሌክትሪክ ገበታ በዓለም ሕግ የሚጫወት እንጂ ወረራን የሚያውቅ አይደለም፤ ወረራን የሚያስተምር ሰው ብቻ ነው። መሣሪያ የማያውቀውን እኛም ከረሳነው ጨርሶ ይጠፋል።

የመተማ ከተማ መተማ ዮሐንስ ትባላለች፤ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ለአገራቸው ሲዋጉ የወደቁባት ናትና። በዚያች ምድር የሆነው ስሕተትም ሆነ ጀግንነት ተመልሶ አይታረምም፤ የወደቀውም አልተነሣም። በገበታ ላይ የወደቀ ንጉሥ ግን በነጋታው ከቦታው ይቆማል፥ የተሳሳተውም ልጅ ስሕተቱን አርሞ እንደ ገና ይሰለፋል። ደም ሳይፈስ ለመሳሳትና ለመታረም የሚቻልበት ቦታ ለወጣት ብዙ አይገኝም። ለቆላው ልጆች ይህን ቦታ እናብጅላቸው፤ መሣሪያውንም እንስጣቸው፤ ነገር ግን አሳቡን ለራሳቸው እንተውላቸው።